አንድ የጀርመንኛ ቃልና የእትዬ ዘነበች ግድግዳ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ባለ ታኮ ጫማ አድርጌ ሄድኩ። አስተርጓሚ ሲባል ወንበርና ጠረጴዛ፣ ቢበዛ የስብሰባ አዳራሽ መስሎኝ ነበር። ከለገሃር ታክሲ ተሳፍሬ ኡራኤል ወረድኩ፤ ከዚያ ወደ ካዛንቺስ በሚያስገባው መንደር ውስጥ ጠይቄ ጠይቄ ማሠልጠኛውን አገኘሁት። በሩን ስገባ የጠበቀኝ የአሸዋ ክምር፣ የተደረደረ ብሎኬትና ሲሚንቶ የሚያቦኩ ወጣቶች ናቸው። ዳይሬክተሩ አቶ ክፍሌ ጫማዬን አይተው፣ «ወይዘሪት ሠናይት፣ ሠርግ ነው ወይስ ሥራ?» አሉኝ።

በነጋታው ቦቲ ጫማ አድርጌ መጣሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስም የሥራ ጫማዬ ቦቲ ሆኖ ቀረ። የዛሬ ልጆች ኮትና ከረባት ለብሰው፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው ሲያስተረጉሙ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ትንሽም እስቃለሁ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

ጀርመንኛውን ያገኘሁት በደርግ ጊዜ ነው። የሕንፃ ንድፍ እንድማር ምሥራቅ ጀርመን ተላክሁ። ተምሬ ስመለስ የላከኝ መሥሪያ ቤትም የለ፣ የተማርኩባት አገርም የለች። በንድፍ ሙያ ሥራ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ መዞሬ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነብኝ። ማስተርጎም ግን ከልጅነቴ የለመድኩት ነው። እናቴ ትግርኛ ተናጋሪ ናት፤ አማርኛዋ እምብዛም ስለነበር ቂርቆስ ሰፈር ሱቅም ስንሄድ ቀበሌም ስንሄድ አፏ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ማስታወቂያውን እንዳየሁ አመለከትኩ።

ማሠልጠኛው ትንሽ ነበረች። የአካባቢውን ወጣቶች ተቀብላ ግንበኝነት፣ ልስንና አናጺነት ታስተምራለች። የግንበኝነት አስተማሪው ኤርቪን የሚባል ጀርመናዊ ነው፤ ሆዱ ትልቅ፣ ፊቱ ቀይ፣ ጢሙ ላይ ኖራ የማይጠፋ ሰው። በአገሩ ሙያው ሦስት ማዕረግ አለው፦ ለማጅ፣ ባለሙያ፣ ማይስተር። ኤርቪን ማይስተር ነው። ማይስተርነት ከዶክተርነት አያንስም ብሎ ያምን ነበር። ሥራውን ካየሁ በኋላ እኔም አመንኩለት።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ትእዛዝ ሰጠኝ። «አንደኛ፣ ‹እሱ እንዲህ ይላል› አትበይ። ‹እኔ› በይ። ሁለተኛ፣ የምናገረውን ሁሉ አስተላልፊ። ለራሴ ያጉረመረምኩትንም ቢሆን። ሳሌን ብቻ ተይልኝ።»

‹እኔ› ማለቱ ዋጋ አስከፈለኝ። አንድ ቀን መወጣጫው ላይ ውጣ ሲሉት የተናገረውን ቃል በቃል ደገምኩት፦ «ሆዴ ትልቅ ስለሆነ በዚህ በኩል አላልፍም።» ሠልጣኞቹ ወገባቸውን ይዘው ሳቁ። ያን ጊዜ እኔ ሸንቃጣ ነበርኩ። ከሳምንት በላይ «እትዬ ሠናይት፣ ሆድዎ እንዴት ነው?» ሲሉኝ ሰነበቱ።

የሙያ ቃል እንደ ልብ መዝገበ ቃላት ውስጥ አይገኝም። ኤርቪን አንድ ዕቃ ሲጠራ አፉን ትቼ እጁን አያለሁ። በገመድ የተንጠለጠለ ብረት ካነሳ ቱንቢ ነው። ያላወቅሁትን ሠልጣኞቹን እጠይቃለሁ፤ ያለ ስስት ይነግሩኛል። ከሁሉም የሚነግረኝ ሙሉጌታ ነው። የሰንጋ ተራ ልጅ ነው፤ አፉ ስል፣ እጁ ከአፉ የበለጠ ስል። የቡድኑ አለቃ ማንም ሳይሾመው እሱ ሆኖ ነበር።

ኤርቪን ቱንቢ ሲይዝ ዘመድ አያውቅም። አንድ ጊዜ ትልልቅ እንግዶች ሊጎበኙ መጡ። ሠልጣኞቹ የሠሩት ግንብ ጥቂት ዘመም ብሏል። አቶ ክፍሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «እባክሽ እንግዶቹ እስኪሄዱ እንዳያፈርሰው ንገሪልኝ» አሉ። ነገርኩት። ኤርቪን፣ «እንዲያውም እነሱ እያዩ ቢፈርስ ይሻላል፤ እዚህ የሚሠራው ሥራ ምን እንደሆነ ይገባቸዋል» ብሎ ግንቡን በመዳፉ ገፋው። አቶ ክፍሌ ፊታቸውን በመሃረብ ጠረጉ። እንግዶቹ ግን አጨበጨቡ።

ከማሠልጠኛው አጥር ጋር ተጠግታ አንዲት የቀበሌ ቤት አለች። የሚኖሩባት እትዬ ዘነበች ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጅ የላቸውም። ምሳ ሰዓት ላይ ሽሮና ድንች ወጥ ሠርተው ሠልጣኞቹን ይመግባሉ። ያለውም ይበላል፣ የሌለውም ይበላል። «ልጅ በባዶ ሆዱ ድንጋይ አያነሳም» ይሉ ነበር። ኤርቪንም እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ በእጁ ይበላል፤ እሳቸው «አጉርሱት እስቲ፣ ያ ሆድ በአንድ እንጀራ አይሞላም» ይላሉ፤ እኔም በታዘዝኩት መሠረት አስተረጉማለሁ።

ቤቷ ጭቃ ናት። የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ በቋሚው ላይ አግድም የተመታ ማገር፣ በማገሩ ላይ በጭድ የተለወሰ የጭቃ ምርግ። እትዬ ዘነበች በሙሽርነታቸው ገብተውባት፣ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ከባላቸው ጋር እየመረጉና እየለቀለቁ ያኖሯት ቤት ናት። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ምርጉ እየተሸረፈ ሄደ።

ኤርቪን ለዕረፍት አገሩ በሄደበት ግንቦት ሠልጣኞቹ ውለታ ሊመልሱ ተነሡ። አቶ ክፍሌ ለልምምድ የሚሆን ሲሚንቶ ፈቀዱላቸው። ጭቃው ላይ የሽቦ መረብ መቱበት፣ በዚያ ላይ ወፍራም የሲሚንቶ ልስን ለሰኑት፣ ጫፍና ማዕዘኑን እንደ መስታወት አሳመሩት። ጎረቤት ሊያይ መጣ። እትዬ ዘነበች እልል ብለው፣ «ቤቴ ቪላ ሆነ!» አሉ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ልስኑ በእውነት ያምር ነበር።

ኤርቪን ተመለሰና ግድግዳው ፊት ቆመ። በመዳፉ ዳበሰው፤ በጣቱ አንጓ አንኳኳው። «ማን ሠራው?» አለ። ሙሉጌታ ደረቱን ነፍቶ «እኛ» አለ። «ልስኑ ጥሩ ነው» አለ ኤርቪን። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ሲሄድ አንድ ነገር አጉረመረመ፤ አስተላለፍኩት፦ «ግድግዳው ግን ይታፈናል።»

«ግድግዳ ሳንባ አለው እንዴ?» አለ ሙሉጌታ። ሁላችንም ሳቅን።

ክረምቱ መጣ። ውኃ በጣሪያው ጠርዝና በልስኑ ስንጥቅ እየሾለከ ወደ ጭቃው ገባ። መግቢያ አገኘ፤ ሲሚንቶው ስለዘጋበት መውጫ አላገኘም። ፀሐይ ሲወጣ የጎረቤቱ ጭቃ ቤት ሁሉ ደረቀ፤ የእትዬ ዘነበች ግን ውስጥ ለውስጥ እንደረጠበ ቀረ። ጥር ላይ ግድግዳው እርጉዝ መሰለ። በበልጉ ዝናብ፣ እትዬ ዘነበች ኡራኤል ለማስቀደስ በሄዱበት ጠዋት፣ በስተ መንገዱ በኩል ያለው ግድግዳ ሙሉ ለሙሉ ወደቀ።

ሮጠን ደረስን። ሲሚንቶው እንደ ተነቀለ በር አንድ ላይ ተጋድሟል። ከኋላው ያለው ጭቃ ሊጥ ነው። ማገሩ ጠቁሯል፤ ሙሉጌታ አንዱን አንሥቶ ቢጨብጠው በእጁ ውስጥ ተፈረፈረ። ኤርቪን «ብያችሁ ነበር» አላለም፤ በዚህ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

ማግስቱን የቀበሌው የቤቶች ተቆጣጣሪ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። «እትዬ ዘነበች፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለ። «ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት የተያዘ ነው። በብሎኬት መሥራት አዲስ ግንባታ ስለሚሆን ክልክል ነው። በነበረበት ዕቃ፣ እንደነበረው ከተጠገነ ይቆያሉ። ክረምት ሳይገባ ካልተጠገነ ግን ቤቱ ይታሸጋል። ለእርስዎም ከከተማው ዳር ሌላ ቤት ይፈለግልዎታል።»

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አጥብቀው ያዙ። «ከከተማው ዳር? እዚያ ማን ያውቀኛል? እድሬ እዚህ፣ ባሌ የተቀበረው እዚህ። እዚያ ብሞት ማን ያነሳኛል?»

ተቆጣጣሪው አንገቱን ነቅንቆ ሄደ። ሠልጣኞቹ ያን ቀን ምሳ አልበሉም፤ እትዬ ዘነበች ግን በሸራ በተጋረደው ቤት ውስጥ ሽሮውን ሠርተው ጠብቀዋቸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ በማሠልጠኛው ግቢ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ስብሰባ ተደረገ። ኤርቪን ነገሩን አላስረዘመም። «እኛ አፍርሰነዋል፤ እኛ እንሠራዋለን። በቋሚ፣ በማገርና በጭቃ። ከነገ ጀምሮ የብሎኬት ትምህርቱ ይቆማል» አለ። እኔም በአማርኛ ደገምኩት።

ሙሉጌታ ተነሣ። ፊቱ ተለዋውጧል። «ማለቴ፣ ጋሽ ኤርቪን፣ በቃ እውነቱን ልንገርህ። ለእማማ ዘነበች ነፍሴን እሰጣለሁ። ግን እኛ እዚህ የመጣነው ከጭቃ ለመውጣት ነው። እኔ ጭቃ ቤት ነው የተወለድኩት፤ ጭቃ ለማቡካት ኮርስ አልፈልግም። ለእናንተ ሲሆን ብሎኬት፣ ለእኛ ሲሆን ጭቃ፣ አይደል? ቀበሌ ሄደህ ለብሎኬት ተከራከርልን እንጂ! ፈረንጅ ነህ፣ ይሰሙሃል። ጭቃ ስሩ ማለት ግን፣ በቃ፣ ንቀት ነው።»

ሌሎቹ «እውነቱን ነው» አሉ። ሁለቱ ወጥተው ለመሄድ ቦርሳቸውን አነሡ።

ይህንን ‹እኔ› እያልኩ ወደ ጀርመንኛ ማስተላለፍ ነበረብኝ። አስተርጓሚ ወገን የለውም ይባላል፤ ሐሰት ነው። እኔም ቂርቆስ በአያቴ ጭቃ ቤት ነው ተወልጄ ያደግሁት። ጀርመን አገር ተማሪዎቹ ስለ ቤቴ ሲጠይቁኝ ወሬ እቀይር ነበር። ውስጤ ሙሉ በሙሉ ከሙሉጌታ ጋር ነበር፤ ኤርቪንን «ንቀት ነው» ስለው የራሴንም ቁጣ ጨምሬበታለሁ።

ኤርቪን ጆሮው እስኪቀላ ሰማኝ። በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ፈረሰው ግድግዳ እያየ ለራሱ፣ በሹክሹክታ፣ «ዋንድ የመጣው ከዊንደን ነው» አለ።

አቶ ክፍሌ እጃቸውን አጨበጨቡ። «በሉ ነገሩ ከረረ፤ ለዛሬ እንዝጋውና ነገ እንነጋገር። ወይዘሪት ሠናይት፣ በቃ በይው» አሉ። የሚነገረው ነገር ቀላል ነበር። ዋንድ ማለት ግድግዳ ነው፤ ሕፃን ልጅ የሚያውቀው ቃል ነው። ‹ስለ ግድግዳው እያሰበ ነው› ብዬ ባልፈው ማንም አይወቅሰኝም። ግን የሰማሁት ነገር አልገባኝም፤ ያልገባኝን ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

«ቆይ፣ ምን አልክ? ምን ማለትህ ነው?» አልኩት በጀርመንኛ።

ኤርቪን የነቃ መሰለ። ጎንበስ ብሎ ከመሬት ቀጭን ጭራሮ አነሣና በጣቶቹ መካከል እያጠላለፈ መናገር ጀመረ። እኔም ተከተልኩት።

«ዊንደን በእኛ ቋንቋ መጠምጠም፣ ማጠላለፍ ማለት ነው። የቤት ግድግዳን ‹ዋንድ› እንለዋለን፤ የተጠመጠመ እንደ ማለት ነው። በዚህ ስም የምንጠራው አባቶቻችን ግድግዳ ይሠሩ የነበረው እንጨት አቁመው፣ በመካከሉ ቀጭን ጭራሮ እያጠላለፉ፣ በላዩ ጭቃና ጭድ እየመረጉ ስለሆነ ነው። ዛሬ መስታወት ፎቅ ውስጥ የሚኖረው ጀርመንም ግድግዳውን በጭቃ ቤት ስም ነው የሚጠራው። አብዛኛው ሰው ረስቶታል። እኔ አልረሳሁትም። የአያቴ ቤት ጭቃ ነው። እኔ የተወለድኩት እዚያ ነው።»

«የአያቴ ቤት ጭቃ ነው። እኔ የተወለድኩት እዚያ ነው» ስል ሠልጣኞቹ ኤርቪንን ትተው እኔን አዩኝ። ከቃላቱ አንዱንም መለወጥ አላስፈለገኝም፤ የእኔም ታሪክ ያው ነበር። ዕድሜ ልኬን ሸፍኜው የኖርኩትን ነገር በሰው አፍ ተናገርኩት፤ ሳልፈልግ እንባዬ መጣ።

ኤርቪን ቀጠለ። «ለድንጋይ ግንብ ሌላ ቃል አለን፤ ማወር ይባላል። እሱ የእኛ አይደለም፤ የሮማውያን ነው። መስኮት የምንልበት ቃል የእነሱ ነው። ጡብ የእነሱ ነው። ኖራ የእነሱ ነው። በድንጋይና በኖራ መሥራትን ሲያሳዩን ስሙንም አብረው ሰጡን። ዋንድ ግን እነሱ ሳይመጡ የነበረን ነው።»

ከዚያ ሙሉጌታ፣ «ቆይ እንጂ፣ ጣሊያን እዚያም ገብቶ ነበር?» አለ።

ጥላው ሥር ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳስተላልፍለት ኤርቪንም ሳቀ፤ እስኪስል ድረስ ሳቀ። ሳሉን አላስተረጎምኩም። አንዱ ሠልጣኝ ከኋላ፣ «ለካ እነሱም እንደኛ ፌሮና ብሎኬቱን ከጣሊያን ነው የወሰዱት» አለ።

«ማገርስ?» አለኝ ሙሉጌታ። «እትዬ ሠናይት፣ ማገር የማን ነው?»

«የራሳችን ነው» አልኩት።

ሙሉጌታ ተቀመጠ። «ጭዱን ከየት ነው የምናመጣው?» አለ። ቦርሳ ያነሡትም መልሰው አስቀመጡ።

እኔ ግን ተጠራጣሪ ነኝ። ልብ ለማለስለስ የተፈጠረ ተረት እንዳይሆን ብዬ በማግስቱ ጀርመንኛ መጻሕፍት ወዳሉበት ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። የቃላትን ምንጭ የሚናገር ጡብ የሚያህል መዝገበ ቃላት አወረዱልኝ። ዋንድ፣ ከዊንደን፤ የተጠላለፈ፣ የተጠመጠመ ነገር። ቀጥሎም በአንድ ጥንታዊ የዘመድ ቋንቋ ተመሳሳዩ ቃል ቀጭን በትር እንደነበረ ይናገራል፤ እኛ አርጩሜ የምንለው። መጽሐፉ ላይ ፈዝዤ ቀረሁ። ያን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምጠራው እግዜር ይወቅ፤ አንድም ቀን ግን ውስጡን አይቼው አላውቅም ነበር። ለሙሉጌታ ስነግረው፣ «አርጩሜውንስ እኔም በደንብ አውቀዋለሁ፣ አባቴ አስተምሮኛል» አለኝ።

ሥራው ተጀመረ። አስተማሪዎቹ ሁለት ነበሩ፤ ኤርቪንና እትዬ ዘነበች። እኔ በመካከላቸው ቆሜ እንደዚያ ጊዜ ደክሞኝ አያውቅም። ኤርቪን ጭራሮው በቋሚዎቹ መካከል እየተጠላለፈ ይግባ ይላል። እትዬ ዘነበች፣ «ቅርጫት ነው እንዴ የሚሠራው? ማገሩ አግድም ይመታ፣ በገመድ ይጠፈር» ይላሉ። ሁለት ቀን ተከራከሩ። በመጨረሻ ዋናው ማገር በእሳቸው መንገድ ተመታ፤ በማገሩ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ በኤርቪን መንገድ በቀጭን ጭራሮ ተጠላለፈ። ሙሉጌታ ገፋ አድርጎት፣ «ይሄማ ያለ ጭቃም ይቆማል» አለ።

ጭቃው ቀይ አፈርና የጤፍ ጭድ ነው። በውኃ ርሶ፣ በእግር እየተረገጠ፣ ቀን ከቀን እየተገላበጠ መቡካት አለበት። ኤርቪን ደረሰ አልደረሰ ለማለት ያድቦለብለውና ከትከሻው ከፍታ ይለቀዋል፤ ካልተሰነጠቀ ደርሷል። እትዬ ዘነበች ጫማቸውን አውልቀው በተረከዛቸው ይረግጡታል፤ ካልተጣበቀ ደርሷል። ከዚያም ያሸቱታል። «ገና አልሸተተም፣ ይቆይ» ይላሉ። አንድ ቀን ኤርቪን ሳላስተረጉምለት ጎንበስ ብሎ አሸተተና ፊቱን አጨፍግጎ፣ «ደርሷል» አለ። እትዬ ዘነበች ሳቁ። «አየሽ፣ አያቱ አስተምረውታል» አሉኝ።

የመጀመሪያው ምርግ ተመረገና ደረቀ። ስንጥቁ በሁለተኛው ተሞላ። በላዩ ላይ በቀጭኑ ተለቀለቀ። የጣሪያው ቆርቆሮ ጠርዙ ወደ ውጭ ረዘም ተደረገ፤ ከሥሩ ድንጋይ ተደርድሮ ጭቃው ከመሬት ውኃ ከፍ አለ። በስተመጨረሻ በሲሚንቶ ፈንታ ኖራ ተቀባ። ሙሉጌታ ማዕዘኑን ቱንቢ ጥሎ ሲያየው ገመዱ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች እኩል ሳመው። ኤርቪን ያን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። እንዲህ ሲያደርግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ተቆጣጣሪው መጣ፤ ገፋው፣ ዞረው፣ ጎንበስ ብሎ ሥሩን አየ። «ሥራው ደስ ይላል» አለ። «ግን የወደቀ ቤት ነው፤ ኃላፊነት አለብኝ። ዝናብ ይለፍበትና እመለሳለሁ። ውኃ ካስገባ አሽጋለሁ፣ እንዳትቀየሙኝ።»

ሰኔ ላይ፣ አንድ እሑድ ረፋድ፣ ሰማዩ ተቀደደ። በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ነው። እኔ ቂርቆስ ቤቴ ነበርኩ። ትንሽ በመስኮት አየሁ፤ ከዚያ ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። ታክሲ የለም። ጃንጥላው ገና ከሰፈር ሳልወጣ ተገለበጠ። በእግሬ፣ በጎርፍ መካከል፣ ‹እብድ ነኝ፣ ብቻዬን ምን ላደርግ ነው› እያልኩ ደረስኩ።

ብቻዬን አልነበርኩም። ሙሉጌታ ከሰንጋ ተራ በሩጫ መጥቶ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆሟል። ሌሎቹም አንድ አንድ እያሉ በየአቅጣጫው ይመጣሉ፤ እሑድ ነው፣ ማንም ማንንም አልጠራም። አቶ ክፍሌ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ፣ ነጭ ጋቢያቸው ጭቃ ሆኖ መጡ። ኤርቪን በመጨረሻ እያለከለከ ደረሰ። ሁላችንም ተያየንና አፈርን።

እትዬ ዘነበች በሩን ከፈቱ። «ምነው? ምን ሆናችሁ? ሰው ሞተ እንዴ?»

ኤርቪን እንደረጠበ አልፏቸው ገባ። ሁላችንም ተከትለነው ገባን፤ ቤቷ ሞልታ መላወሻ ጠፋ። ከውጭ ዝናቡ ግድግዳውን ይገርፈዋል። ኤርቪን መዳፉን ከውስጥ ለጠፈና ከማዕዘን እስከ ማዕዘን እየዳበሰ ሄደ። ከላይ ዳበሰ፤ ተንበርክኮ ከታች ዳበሰ። ሙሉጌታ እግር በእግር ይከተለዋል። እትዬ ዘነበች እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል።

«ደረቅ ነው» አለ ኤርቪን።

«ደረቅ ነው» አልኩ።

እትዬ ዘነበች ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ወዲያው ቁጣ ጀመሩ። «በሉ ጫማችሁን አውልቁ! ወለሉን ጭቃ አደረጋችሁት! አንተ ሙሉጌታ፣ ምን ይገትርሃል፣ ከሰሉን አቀጣጥል፣ ይሄ ፈረንጅ በብርድ ሊሞትብኝ ነው!» ያን ቀን የበላነውን ሽሮ ጣዕም እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።

ተቆጣጣሪው ቃሉን ጠበቀ። ዝናቡ ካለፈ በኋላ መጣ፣ ዳበሰ፣ ፈረመ። እትዬ ዘነበች ሰፈሩ በሙሉ ተነሥቶ ጎረቤቱ አንድ ላይ እስከተዛወረበት ጊዜ ድረስ ብዙ ክረምት እዚያው ኖሩ። ከእድራቸው ሳይለዩ ሄዱ፤ ኋላም ሲያርፉ ያነሳቸው የገዛ እድራቸው ነው። ኤርቪን አገሩ ገባ። ሙሉጌታ ዛሬ ፎቅ ይሠራል፤ አዲስ ግንበኛ ሲቀጥር መጀመሪያ ጭቃ ያስቦካዋል ብለው ያሙታል።

እኔ ከዚያ በኋላ ለመሐንዲስም ለሚኒስትርም አስተርጉሜአለሁ። አንድ ቃል ሲያጠራጥረኝ ከምን እንደተሠራ ሳልጠይቅ አላልፍም፤ ተናጋሪው ቢሰለችም አስቆመዋለሁ። ያን ቀን ‹ግድግዳ› ብዬ ብቻ ባልፈው ትርጉሙ ትክክል ነበር። እትዬ ዘነበች ግን ቤታቸውን ያጡ ነበር።